የአሮጌ ልብስ ምንጣፍ

የልጅ ልጄ ከአረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ ከአሮጌ ልብስ ምንጣፍ መሥራት ጀመረች። እኔ እግሬ አያርፍምና በጉና ተራራ ሥር ባሉ መንደሮች እየዞርኩ በፕላስቲክ ሳፋ ያለቀ ልብስ እለውጥላት ነበር።

አንድ ቀን ገሳይ ገበያ ዘርግተን ስንሸጥ አንዲት እናት ምንጣፋችን ላይ ተደፋች። በውጊያ የሞተውን ልጇን ሰማያዊ ሸሚዝ አይታበት ነው። ገና አርባው ሳይወጣ ምራቷ በሳፋ ለውጣው ኖሯል። ሬሳው አገሩ አልገባም፤ ይዘው የሚያለቅሱበት ያ ሸሚዝ ብቻ ነበር።

«እናቴ፣ ይውሰዱት» አለች የልጅ ልጄ።

«ልጄን ልታስረግጭው ነበር!»

ማን ይፈርድባታል? ገበያተኛው ከብቦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ «የሙት ልብስ ነው» እየተባለ ምንጣፋችንን የሚነካው ጠፋ። የልጅ ልጄም እያለቀሰች የሰው ቤት ልትጠርግ ወደ መጣችበት አረብ አገር ተመልሳ ሄደች።