አስተርጓሚዋ ጓደኛዬ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የታካሚዎችን ክብደትና የደም ግፊት እለካ ነበር። እዚያ መጀመሪያ የቀረብኳት ሰው አንዲት ቬትናማዊት ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ሳን ሆዜ ገብታ፣ እንግሊዝኛ የለመደችው በአክስቷ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ስትሠራ ነው። ክሊኒኩ የቀጠራት ቬትናምኛ እንድታስተረጉም ነበር።

አንድ ሰኞ ግፊታቸው አልወርድ ያለ ቬትናማዊ አዛውንት መጡ። ለካኋቸው፤ ከበፊቱም ብሷል። ወጣቱ ሐኪማችን መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቃቸው። "አዎ" አሉ። መጠኑን ሊጨምር ሲል ጓደኛዬ፣

"ዶክተር፣ ቆይ አንዴ ላነጋግራቸው" አለችው።

ወንበሯን አስጠግታ በቋንቋቸው ወሬ ጀመረች። ጨዋታው ደርቶ ሽማግሌው ሳቅ አሉና አንድ ነገር ነገሯት። ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ "የሚወስዱት ሲያዞራቸው ብቻ ነው። አዎ ያሉህ እንዳይከፋህ ብለው ነው" አለችው።

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ሐኪሙ "አንቺ ለምን ሕክምና አትማሪም?" አላት። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን አነሳሁባት።

"ሃያ አምስት ዓመቴ ነው እኮ፤ ስጨርስ ሠላሳ አምስት ሊሞላኝ ነው" አለች።

"እና? ባትማሪስ ሠላሳ አምስት መሙላትሽ ይቀራል?"

በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮሌጅ ገብተን ኬሚስትሪ አብረን ወሰድን፤ እኔ ለነርሲንግ፣ እሷ ለሕክምና። ያልገባኝን ታስረዳኛለች፤ ተስፋ ስትቆርጥ ደግሞ እኔ እቆጣታለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳ ስታመለክት የትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። የመጨረሻው "እናዝናለን" በኢሜይል በመጣ ማግስት ሥራ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። ወደ ቤት እንድትመለስ ብነግራት "ስምንት ሰው እየጠበቀኝ የት እሄዳለሁ?" ብላ አለፈችኝ።

በዓመቱ እንደገና አመለከተች። ኦክላንድ አጠገብ ኤመሪቪል በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ሰልፍ ላይ ቆመን ስልኳ ጠራ። "የስ" አለች፣ "የስ" ብላ ደገመች፣ ከዚያ የያዘችውን ቅርጫት አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ክፉ ነገር የሰማች መሰለኝ። ቀና ብላ "ገባሁ" ስትለኝ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ዞረውን አለፉ።

የሕክምና ተመራቂዎች ለሥራ ልምምድ የትኛው ሆስፒታል እንደሚደርሳቸው የሚያውቁት ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያ ጠዋት ከወላጆቿ ጋር ቆሜ ነበር። የቤተሰብ ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው፤ እሱንም ኦክላንድ ውስጥ። የሆስፒታሉ ስም ያለበትን ፖስታ ራሷ ሳትከፍተው ለአባቷ ሰጠቻቸው። ብዙ የማይናገሩት አባቷ እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየለቀሙ አነበቡ። "ኦክላንድ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከመጀመሪያው ደገሙት። እናቷ እኔን አቅፈው አለቀሱ። ቋንቋ ለቋንቋ አንግባባም፤ ግን እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሐኪም ሆና ሥራ በጀመረችበት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳን የለም።

"ሦስት ሰው አየሁ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። አንዱ ስኳር ያለበት ሾፌር። አንዷ ደግሞ የአራት ቀን ሕፃን፤ አራት ቀን! ጣቴን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።"

"ፈራሽ?"

"በጣም። ቆይ፣ እየጠሩኝ ነው" ብላ ዘጋችው።

ወደ ቀጣይዋ ታካሚዬ ክፍል ስገባ ሴትየዋ ፊቴን አይታ "ምን ተገኘ?" አለችኝ።

"ጓደኛዬ ዛሬ ሥራ ጀመረች" አልኳትና ግፊቷን ለመለካት ክንዷን ያዝኩ።