ክር የገባባቸው መርፌዎች

ልብስ ሰፊውና ታናሽ እህቱ ልጆች ሳሉ የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነበር። እሷ ተኝታም አታርፍም፤ እየተራገጠች መሬት ስለምታወርደው «እርግጫ» አላት፤ ስሟም በዚያው ጸና። ጠዋት ግን ሁለቱም አባታቸው የስፌት መኪና አጠገብ ናቸው። የአባትየው ዓይን ስለደከመ እሷ መርፌዎቹን ሁሉ ክር እያስገባች ትሰካለታለች፤ ወንድምየው የቁልፍ ቀዳዳ ጠርዝ በክር መዘምዘም ይማራል። ከጠመመበት አባትየው ቀና እንኳ ሳይል «ፍታው» ይላል። ያ ጠዋት ዛሬም ይናፍቀዋል።

ካደጉ በኋላ ወንድምየው በደም በሽታ ሲታመም የአጥንት መቅኒዋን የሰጠችው እርግጫ ናት።

«መቅኒዋ ሰውነትዎን ባዕድ መስሎት እንዳይወጋዎ፣ ይህን ኪኒን ጠዋትና ማታ ይውሰዱ» አለችው ሐኪሟ። «ተሻለኝ ብለው በራስዎ እንዳያቆሙ፤ መዳፍዎ ከቀላ መውጋት ጀምሯል ማለት ነው።»

«አጥንቴ ውስጥም ገብታ ልትራገጥ ነዋ» አለ። እርግጫ ከት ብላ ሳቀች።

ኪኒኑ ግን እጁን አንቀጠቀጠው። በእጁ የተመሰገነ ሰው፣ ደንበኛ ፊት መርፌና ክር ማገናኘት ሲያቅተው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን ራሱን ተወው። ቀናት አለፉ፤ እጁ ረጋ፤ የአንድ ኮት ቁልፍ ቀዳዳዎችን እንደ ድሮው አሳምሮ ዘመዘመ።

እርግጫ ኮቱን ልታይ መጥታ ዓይኗ መዳፎቹ ላይ ቀረ። በሽፍታ ቀልተዋል።

«ካውያ ነው» አለ።

«ካውያ ሁለቱንም መዳፍ ነው የሚያቃጥለው? ኪኒኑን ትተሃል አይደል?»

መዳፎቹን ኮቱ ስር ሸሸገ።

«ጋሼ፣ በገዛ መቅኒዬ ልግደልህ?» አለችና አለቀሰች።

ሐኪም ቤት በጊዜ ደረሱ። ሐኪሟ ሽፍታውን በመድኃኒት ያዘችው። ኪኒኑንም መልሳ አስጀመረችው። «መንቀጥቀጡን ቢነግሩኝ እኮ ደምዎን መርምሬ መጠኑን አስተካክል ነበር» አለችው። 

ሱቁን ዳግም በከፈተ ጠዋት እርግጫ መጣች። መነጽሯን አድርጋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ክር አስገብታ ሰካችለት፤ ከዚያ ኪኒኑንና ውሃውን አቀበለችው። ዋጠ። መርፌ አንስቶ ጀመረ፤ እጁ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«አባባ ቢኖር ምን ይልህ ነበር?» አለችው የጠመመውን ስፌት አይታ።

«እየፈታሁት ነው» አለና ሌላ መርፌ እንድታቀብለው እጁን ዘረጋ።