አሥራ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ

ኤቢሴ ሰንበታ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባላት ጠባብ ሱቅ የድሮ የሠርግ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። ሥራው ብዙ ማስቀመጫ ይበላል፤ አዲስ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ባለፈው ጥር፣ ሞጆ ላይ ያገለገሉ የቢሮ ዕቃዎች የሚነግደው ሽኩር አሥራ ሁለት አሮጌ ዲስኮች በካርቶን ሲያመጣላት ሳታቅማማ ወሰደች።

አሥራ አንዱ ከትልልቅ ሰርቨሮች የወጡ ነበሩ። ሶኬታቸው ከኮምፒውተሯ ጋር አልገጥም አለ። ማገናኛ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጥታ ስታገናኛቸው ኮምፒውተሩ አወቃቸው፤ መጠናቸውን ግን ዜሮ ብሎ አነበበ። ሦስት ቀን ስታነብና ስትጠይቅ ቆይታ፣ ለሌላ ዓይነት ማሽን ተብለው የተከፋፈሉ መሆናቸውን ደረሰችበት። አንድ በአንድ እንደ አዲስ ፎርማት አደረገቻቸው። እያንዳንዱ ግማሽ ቀን ፈጀባት፤ ሁሉም ሠሩ።

አሥራ ሁለተኛው ተራ ዲስክ ነበር፤ ሲሰካ ወዲያው ገባ። ኮምፒውተሩ ባዶ ነው አለ። ጆሮዋን ስታስጠጋ ግን ሰው ጉሮሮውን ሲጠራርግ የሚመስል ድምፅ እያሰለሰ ይመጣል። ደስ አላላትም። ከማጥፋቷ በፊት የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ፈተሸችው። በሶደሬ መንገድ ላይ የነበረ የአንድ ፔንሲዮን የጥበቃ ካሜራ ቅጂ ወጣ።

የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። ድምፅ የለውም። አንድ ሰው ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ካሜራውን አየ፤ ዓይኑንም አልነቀለም። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።

ወንድሟ ጫምሳ ነበር።

ጫምሳ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። በሚያዝያ 2012 መኪናው መተሐራ አጠገብ አዋሽ ወንዝ ውስጥ ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱን አዞ በላው ተባለ። ሬሳ ሳይገኝ ለቅሶ ተቀመጡ፤ አርባውን አወጡ። ኤቢሴ ካሜራው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን ቀን ወደ እኛ ስትመልሰው ሰኔ 12፣ 2012 ሆነ። አርባው ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

የካሜራው ሰዓት ተሳስቶ ይሆናል ብላ ቀጣዮቹን ቀናት እያሳለፈች አየች። ሰኔ 14 ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀስ እያለ ደበዘዘ፤ ቆይቶም ተመለሰ። ያ ቀን ፀሐይ የተጋረደችበት እሑድ ነበር። ሰዓቱ አልተሳሳተም።

ፔንሲዮኑ ድረስ ሄደች። የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል፤ ጥበቃው የድሮዎቹን ባለቤቶች አያውቅም።

በማግስቱ ለእናቷ ለወይዘሮ ውዴ አሳየቻት። ወይዘሮ ውዴ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና፣

«በዚያው በሰኔ ሚካኤል ማግስት ቤት መጥቶ ነበር» አለች።

ኤቢሴ ማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ቀትር ላይ በሩን አንኳኳ። በቀዳዳ አየሁት። እማዬ አለኝ። አርባህን አውጥቻለሁ፣ ወደ ቦታህ ሂድ አልኩት። ቀትር ላይ የሚመጣ ነገር ሰው አይመስለኝም ነበር። ከበሩ ወዲያ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል። የሞተ ሰው እንደማይተነፍስ ያሰብኩት በኋላ ነው። ስከፍት የለም።»

አምስት ዓመት ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ይዘው ያልሄዱበት የለም፤ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል። አየሁት ያለ አልተገኘም። ኤቢሴ ዲስኩን አልደመሰሰችውም፤ ሁለተኛ ግን አልሰካችውም።

በሰኔ መጀመሪያ ወይዘሮ ውዴ መምሬ ዘገዬ ዘንድ ሄዳ፣ የልጇ ስም በቅዳሴ ጸሎት ከሙታን ጋር መጠራቱ እንዲቀር ለመነች። ቄሱ ተገኘ ወይ አሏት። አልተገኘም አለች። መምሬ ዘገዬ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ በሚቀጥለው እሑድ የክርስትና ስሙን ከመንገደኞች ጋር ጠሩት።