አንቺ መባል

ልብስ ሰፊዋ በሰው መልክ ቀንታ አታውቅም፤ በሰው ሀብትም። የምትቀናው ታናሽ እህቷ «አንቺ» ስለምትባል ነበር።

እህትማማቾቹና ጎረቤታቸው ብረት በያጁ እሁድ እሁድ ከከተማው ጀርባ ያለውን ገደል በገመድ ይወጣሉ። ታናሿ ሁልጊዜ ትቀድማለች፤ በያጁ ድንጋዩ ላይ በተከላቸው ቀለበቶች ገመዱን እያያዘች ሽቅብ ትሄዳለች። እግሯ ሲያዳልጣት በያጁ ከታች ገመዱን እንደያዘ፣ «አንቺ፣ አልጋ ላይ ነሽ እንዴ?» ይላታል። እሷም የአፏን ትሰጠዋለች። ሲሳሳቁ ገደሉ ይቀበላቸዋል።

ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ተራ ይደርሳል። ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች የመኪና አደጋ ከወሰደባት አሥር ዓመት አልፏል፤ የምትወጣው በሰው ሠራሽ እግር ነው። ገመዱ ከላይ ታስሮ ይጠብቃታል። በያጁም ድምፁን አለስልሶ፣ «ቀስ ይበሉ እትዬ፤ አይዞዎት፣ ይዤዎታለሁ» ይላል። በዕድሜ እኩያዋ ነው። «እርስዎ» ባላት ቁጥር አንድ ክንድ ከሰው የምትርቅ ይመስላታል።

ሳምንቱን የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ታንጎራጉራለች፦

ከፊቴ አትሂጂ፣ ጥላሽ ይጋርደኛል፤
ከኋላ መከተል፣ ልቤን ያደክመኛል።

ልብስ የምትተኩሰው ታናሿ ካውያውን አቁማ፣ «ማንን ነው የምታባርሪው?» አለቻት።

«ዘፈን ነው።»

«ዘፈኑ እኔን እኔን ይላል።»

ገደል ሲወጡ ወገባቸውና ጭናቸው ላይ የሚያስሩትን መታጠቂያ የምትሰፋላቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቅዳሜ ዕለት የታናሿ መታጠቂያ ስፌቱ ላልቶ መጣ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አገላብጣ አየችውና፣ «ወፍራሙ ክር አልቋል» አለች። ክሩ ጭኗ ላይ፣ ከጨርቁ ሥር ነበር።

እሁድ፣ ገደሉ ሥር፣ በያጁ ራሱን አከከ። «ታዲያ መታጠቂያዋ ካልተሰፋ ዛሬ ማን ሊቀድም ነው?»

«እኔ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እትዬ፣ እርስዎ እንኳን...»

«ገመዱን ያዝ።»

ወጣች። ሰው ሠራሽ እግሯ አይደክምም፣ አይንቀጠቀጥም። ግን ምን እንደረገጠ አይነግራትም፤ ባነሳችው ቁጥር ጎንበስ ብላ በዓይኗ ማረጋገጥ አለባት። ሦስተኛውን ቀለበት አልፋ ወደ አራተኛው ስትንጠራራ ማየቱን ረሳችው። እግሯ ሸርተት አለ፤ በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ቀረች።

«አንቺ! ሰማይ ሰማይ ምን ታያለሽ፣ እግርሽን እይ እንጂ!» ብሎ በያጁ ጮኸ።

በተንጠለጠለችበት ሳቋ መጣ። ቃሉ እንደ ሞቀ እጅ ጀርባዋን ዳሰሳት። እግሯን አየች፣ አስቀመጠችው፤ አራተኛውን ቀለበት ያዘች፤ ጫፍ ደረሰች።

ስትወርድ ታናሿ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባዶ እጇን ታሻሻለች። እንኳን ደስ ያለሽ አላለቻትም።

«ክር ነበረኝ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«አውቃለሁ። አንቺ መቼ ክር አልቆብሽ ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርተሽ መቅደሙን ትተዪዋለሽ ብዬ ነዋ።» ታናሿ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። «ነገ ስፊልኝ። በሚቀጥለው እሁድ የምቀድመው እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መታጠቂያዋን ፈታች።

«እሰፋልሻለሁ። ማን እንደሚቀድም ግን ዕጣ እንጥላለን።»