የባዘዘው ጨዋ ጊታር

የቢቸናው ባዘዘው ኤሌክትሪክ ጊታር የተማረው ከስልኩ ቪዲዮ ነው። እሱ ከሥራ ሲገባ መብራት ስለሚጠፋ ግን ጊታሩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶት አያውቅም። ቢሆንም ኮርድ የሚሏቸውን የድምፅ ጥምሮች ሥርዓት እንደ ቄስ ተማሪ እየተወዛወዘ በቃሉ ሸመደደ፤ አርፔጂዮ የሚሉትንም፣ የኮርዱን ድምፆች በአንድ የእጅ ጠረጋ ተራ በተራ ማውጣትን፣ ቻልኩበት አለ። ጎረቤቶቹ «እንዲህ ያለ ጨዋ ሙዚቀኛ አይተን አናውቅም» ይሉታል።

ሞጣ ላይ ለሠርግ ተጠራ። ጄኔሬተር ተነሳ፣ ጊታሩ ተሰካ፤ ባዘዘው ዓይኑን ጨፍኖ ክሮቹን ጠረጋቸው። ከመታቸው በኋላ በጣቱ አፍኖ ዝም ያላሰኛቸው ክሮች ሁሉ ባንድ ላይ ጮኹ፤ ድንኳኑ ታወከ። በንዴት አብሮት ወደተጠራው ኪቦርድ ተጫዋች ዞረ።

«አንተ ባየ፣ ምን ትረብሸኛለህ? እጅህን አንሳ!»

ባየ የጎረሰውን ውጦ እጁን ከእንጀራው ላይ አነሳ። ኪቦርዱ ገና ከሳጥኑ አልወጣም ነበር።