ብልጭታ የማያወጣው መብራት

የቢቸና ኤሌክትሪሻን ነኝ። ዓምና ሞጣ ወርጄ በጋሽ ደምሴ የቤንዚን መጋዘን ውስጥ አንድ መብራት ገጠምኩ። ተራ አምፖል እንዳይመስላችሁ! ወፍራም መስተዋትና የብረት ቀፎ ያለው፣ ውስጡ ብልጭታ ቢነሳ እንኳ ወደ ቤንዚኑ ሽታ የማያወጣ፣ በዓለም አቀፍ ፈተና ተፈትኖ ሰርተፍኬት ያገኘ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ። መጋዘኑ ተቃጥሎ ዘበኛው አበጀ ሞቷል። «ማብሪያውን ሲጫን ነው የፈነዳው» አሉኝ። መብራቱን የገጠምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ብቀር ጥፋተኛ እመስላለሁ ብዬ ለቀብሩ ደረስኩ። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስገባ የሟች ሚስት አየችኝ።

«ባሌን የበላው ያንተ መብራት ነው!»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዓይኗ ስሸሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቀና አልኩ።

ከደጃፉ በላይ የኔ መብራት ተሰቅሏል። መስተዋቱ፣ ቀፎው፣ የሰርተፍኬቱ ምልክት ሳይቀር ራሱ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ በርቷል።

ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ቆመው ያለቅሳሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? መጋዘኑ ውስጥስ ምን ነበር?»

«ተራ አምፖል አድርጌበት ነበር። ይሄ ስለት ነው።»

«የምን ስለት?»

«ዓመቱን ከእሳት ከጠበቅኸኝ፣ ከመጋዘኔ ውዱን ዕቃ አስገባልሃለሁ ብዬ ለታቦቱ ተስዬ ነበር» አሉ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «ዓመቱን ጠበቀኝ። እኔም በንግሡ ዕለት ነቅዬ አመጣሁለት።»