ምራት የማትነካው እርሾ

የእናቴ የጠላ እርሾ እኔ እጅ ላይ ስንት ጊዜ እንደሞተ ብናገር ሰው ይታዘበኛል። ሌላው ጠማቂ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጠነስሳል፤ እናቴ ግን ከጋኑ ሥር የሚቀረውን ወፍራሙን አስቀርታ፣ የሚቀጥለውን ጠላ በሱ ነው የምትጠነስሰው። ጠላዋን ቢቸና ውስጥ የማያውቀው የለም። ጉልበቷ ሲደክም እርሾውን በማሰሮ ከፍላ ሰጠችኝ። ወደምኖርበት ሞጣ ወሰድኩት፤ ሞጣ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መመላለስ ሆነ። እርሾው ሲበላሽብኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢቸና እሄዳለሁ፤ እሷም ከቀራት ትቀንስልኛለች፤ ስመለስ ደብረ ወርቅ ላይ ማሰሮውን አቅፌ እያሸተትኩ እጸልያለሁ። ምክሯ ደግሞ አያልቅም። "ማሰሮውን በወይራ አጥብቀሽ እጠኝው። አፉን በጭቃ ምረጊው።" ለጋን የሚደረገውን ሁሉ ለእርሾውም ታዝዝለታለች። እኔም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አጥናለሁ፣ እመርጋለሁ። ስከፍተው እንደ ሬት የሚመር፣ ድርቅ ብሎ የተኛ ነገር አገኛለሁ። ስደውልላት "እጅሽ ነው" ትለኛለች። ያኔ ስልኩን ግድግዳ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ!

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ የወንድሜ ሚስት እዚያው እናቴ ግቢ ውስጥ እየኖረች ይህ ሁሉ መሆኑ ነው። እናቴ ግን "የቤቴ እርሾ ባዕድ እጅ አይገባም" ትላለች። ማታ ማታ እግሯን የምታጥባትን ሴት ነው ባዕድ የምትለው።

ዘንድሮ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ደረሳት። "በራሴ እርሾ የተጠመቀ አንድ ጠላ አቅርቤ ልሙት" አለችኝ። የሷ ማሰሮ ግን ተሟጧል፤ የቀረው እኔ ዘንድ ያለው ብቻ ነበር። ያንን ይዤ ሄድኩና ጠነሰስኩ። ጌሾውም ብቅሉም በልኩ ነው። ጥንስሱ ግን ጭጭ አለ። ብጠብቅ፣ ጆሮዬን ብለጥፍበት፣ ምንም። ምራታችን ብቅ ብላ "ላግዝሽ እታለም?" ስትል፣ እናቴ ከአልጋዋ ሆና "አታስነኪያት!" ብላ ጮኸች። ተቃጥዬ ለሁለቱም ጀርባዬን ሰጥቼ ከግቢው ወጣሁ።

በማግስቱ ጥንስሱ ይፈላል። አረፋው አፉ ድረስ ደርሷል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ጠላው ሲደርስ ማጥለያ ፍለጋ ወደ ምራታችን ጓዳ ገባሁ። ከውሃ እንስራው ጎን፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ አየሁ። ገለጥኩት። የእናቴ ጠላ ሽታ ነው፤ አይጠፋኝም።

"ከየት አመጣሽው?"

ምራታችን አቀረቀረች። "እማማ አተላውን ለከብቶቹ ድፊ ሲሉኝ ትንሽ አስቀር ነበር። በወይራ አላጥነውም፤ ጭሱ ይጎዳዋል። አፉንም አልመርገውም፤ እሱም ይተነፍሳል። አልፎ አልፎ የብቅል ዱቄት አጎርሰዋለሁ፣ በቃ። እሳቸው ያኔ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠምቁ፣ ቢያጥኑትም ሳይሞት ለሚቀጥለው ጥንስስ ይደርስላቸው ነበር። ያን ዕለት ተናደሽ ስትወጪ ጥንስስሽ ላይ ጨመርኩበት። እንዳትነግሪያቸው።"

ላመሰግናት ሲገባኝ ንዴቴ ነው የቀደመኝ። ያን ሁሉ መንገድ ስመላለስ፣ የምፈልገው ከእናቴ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጦ ኖሯል!

የጽዋው ዕለት እናቴ አንዴ ተጎነጨችና ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

"ይኼ የኔ ነው" አለች። ከዚያ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ ወደ ምራቷ ዞረች። "አየሽ? ጠላ እንዲህ ነው። ከልጄ ተማሪ!"

አፌን ከፈትኩ። ምራታችን እግሬን ረገጠችኝ።

"እሺ፣ እማማ" አለችና ጎንበስ ብላ የእናቴን ብርጭቆ ሞላችላት።